ክርክር፦ የዓርብ ከሰዓት ሁለት ክፍለ ጊዜ በእጅ እየሠሩ ለመማር ይሰጥ?

አወያይ፦ ጥያቄው ይህ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለው የልጆቻችን ትምህርት ቤት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት ማስታወሻ የሚገለብጡባቸውን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች እየለኩ፣ ወረቀት እያጠፉ፣ ዘር እየተከሉ ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ እንዲማሩባቸው አስቧል። ቅዳሜ በወላጆችና መምህራን ስብሰባ ይወሰናል። ሐሳባችሁን ጻፉ፤ ስድብ ይሰረዛል።

የ5ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ እቃወማለሁ። ልጄ በሚቀጥለው ዓመት የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል። ፈተናው መልስ ያስጠቁራል እንጂ ካርቶን አያስቆርጥም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ይህን አይቶ ደንግጦ ሳለ እኛ የጥናት ሰዓት እንቀንስ?

የመንታዎቹ እናት፦ እኔም እቃወማለሁ፣ ግን ፈተናውን ፈርቼ አይደለም። ባለፈው «ፕሮጀክት» ተብሎ የፀሐይን ሥርዓት ሠርታችሁ ኑ ተባሉ። ሁለት ልጅ፣ ሁለት ፀሐይ፣ 16 ፕላኔት! ሙጫና ቀለም ገዝቼ ሌሊቱን ሳጣብቅ ያደርሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ እንቅልፋቸውን ለጥጠዋል። አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ተሠርቶ ያለቀውን ገዝቶ ይልካል፤ ከፍተኛውን ነጥብ የሚወስደውም የእሱ ልጅ ነው።

መምህርት (4ኛ ክፍል)፦ የመንታዎቹ እናት እውነታቸውን ነው፤ ያ የወላጆች ውድድር እንጂ ትምህርት አይደለም። አሁን የታሰበው ሥራ ወደ ቤት አይላክም። ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ተማሪዎቼን «ከ1/3 እና ከ1/4 የትኛው ይበልጣል?» ብዬ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ 1/4 ይላሉ፤ 4 ከ3 ስለሚበልጥ። ትክክለኛው ደንብ ግን ደብተራቸው ላይ አለ፤ ገልብጠውታል፣ በቀይ አስምረውበታል። አንድ ቀን መልሳቸውን አስቀድመው እንዲጽፉ አድርጌ ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሁለት የጋዜጣ ቁራጭ አደልኋቸው። አንዱን ሦስት እኩል ቦታ፣ ሌላውን አራት እኩል ቦታ እጠፉ አልኋቸው። (ሦስት እኩል ቦታ ማጠፍ ከአራት ይልቅ እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቃል፤ የክፍለ ጊዜውን እኩሌታ የበላው እሱ ነው።) አንዲት ልጅ ሁለቱን ቁራጮች አስተያይታ «ተካፋዩ ሲበዛ ድርሻው ያንሳል ማለት ነው?» አለችኝ። ማጠፉ ብቻውን ይህን አላስተማራትም። የጻፈችው መልስ ፊት ለፊቷ ስለነበረ ነው ከእጇ ሥራ ጋር የተጣላባት። ሳይገምቱ ማጠፍ ወረቀት ማባከን ነው።

የ5ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ ክፍልፋዩ ይሁን። አካባቢ ሳይንሱስ? ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ እኛም አብቅለናል። ምን ተማርን? ባቄላ ይበቅላል!

መምህርት፦ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ባቄላ መስኮት ላይ ካስቀመጠ ልክ ነዎት፤ ከዚያ የበለጠ አይማርም። አንዱን ብርሃን ላይ፣ አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አንዱን ደረቅ ጥጥ ላይ፣ አንዱን ውኃ ውስጥ ጨርሰን እናጥልቀውና የትኛው እንደሚበቅል ልጆቹን እንጠይቃቸው። ጨለማ ውስጥ ያለው አይበቅልም ብለው ይምላሉ። ይበቅላል! ያውም ብርሃን ላይ ካለው ይረዝማል፤ ቀጭንና ገርጣ ያለ ይሆናል እንጂ። ዘሩ መጀመሪያ የሚበላው በራሱ ውስጥ ያከማቸውን ስንቅ ነውና ለመብቀል ብርሃን አይጠብቅም። ውኃ ውስጥ የሰጠመው ግን አየር አጥቶ ብዙውን ጊዜ ይበሰብሳል። የፈተናው ጥያቄ «ዘር ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል?» ሲል ይህንኑ ነው የሚጠይቀው።

የ3ኛ ክፍል ተማሪ አያት፦ ሁሉም መልካም። ብቻ የማባዣ ሠንጠረዥን በቃሉ ያልያዘ ልጅ ቆርኪ ሲቆጥር ይመሽበታል።

መምህርት፦ እማማ፣ እሱ ላይ አንከራከርም። ማባዣው በቃል ይያዛል።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ እኔ በሐሳቡ አልቀልድም፤ ግን ዘፈኑ ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ «ተማሪ ተኮር» እየተባለ ስንት ሥልጠና ወሰድን! ዴስኩን አዞርን፣ ልጆቹን በቡድን አስቀመጥን፤ ግማሾቹ ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጡ። ከስድስቱ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ከእሱ ይገለብጣሉ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ በቡድን፣ ሲሄድ በመስመር። ቆይቶ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ መጣ፤ ተማሪው የሳይንስ ሙከራውን በቴሌቪዥን ያያል፣ መምህሩ ለጥያቄ ላቁመው ቢል ሥርጭቱ አይቆምለትም። ክፉ ሐሳብ አስቦ ያመጣቸው አልነበረም፤ ግን ክፍሉን ሳይቆጥሩ ነው ያመጧቸው። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መመዘኛ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። የእርስዎ ስንት ነው፣ መምህርት?

መምህርት፦ 58።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ ይኸው።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ የጠየቅነው እኮ ለዚሁ ነው። 29ኙ ከእኔ ጋር ሲሠሩ ቀሪዎቹ 29 ከሥዕል መምህሩ ጋር ያነባሉ፤ ቀጥሎ ይቀያየራሉ። መምህሩ ዓርብ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ የለውም፤ ተስማምቷል። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ደግሞ አለን። ችግሩ እንዳይበላሽ ተብሎ ተቆልፎበታል፤ ማንም ልጅ ሳይነካው ያረጀ ሉል አለን። እንኳን ተነክቶ በተሰበረ!

የምናለሽ ተራ ነጋዴ (የ4ኛ ክፍል ተማሪ አባት)፦ ዕቃው አያስጨንቃችሁ። የግማሽ ሊትርና የሁለት ሊትር ባዶ ፕላስቲክ፣ ቆርኪ፣ ጣሳ በነጻ አመጣለሁ። ማሳሰቢያ ግን አለኝ፦ ልጆች ከየመንገዱ እየለቀሙ እንዳይመጡ። የበረኪናና የኬሚካል ዕቃ ይቀላቀላል፤ የጣሳ ጠርዝም ይቆርጣል። እኔ አጥቤ፣ ጠርዙን ቀጥቅጬ ነው የማስረክበው። ምላጭ ክፍል ውስጥ ከገባ ግን እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ ወደ ሁለት ቦታ መክፈሉን አላሰብሁትም ነበር፤ ያስኬዳል። እንግዲያው ሁለት ነገር ይታከል። አንደኛ፣ ለእንግዳ ጉብኝት ግድግዳ ላይ የሚደረደር ጌጥ አይሠራበት፤ ይህ ነገር የሚሞተው ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ ለአንድ ሴሚስተር 4ኛ ሀ ብቻ ይሞክረው፣ 4ኛ ለ እንደ ወትሮው ይቀጥል። መጀመሪያም መጨረሻም ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሰጥ፤ ወረቀቱን የሌላ ክፍል መምህር ይረም። ከዚያ በኋላ በስሜት ሳይሆን በውጤት እንነጋገራለን።

የ5ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ 5ኛ ክፍል ከወጣበት አልከለክልም። አልደግፍም ግን።

የመንታዎቹ እናት፦ ቆይ ቆይ! መንታዎቼ እኮ አንዱ 4ኛ ሀ፣ አንዷ 4ኛ ለ ናቸው። ዓርብ ማታ ወንድሟ ጨለማ ውስጥ ስለበቀለ ባቄላ ሲያወራላት ልጅቷን ማን ነው የሚያባብልልኝ? ጋሼ፣ ቅዳሜ መጀመሪያ ይህን ይመልሱልኝ።