ኩሬዬ ውስጥ ያሉት ዓሦች ሊነጋ ሲል አየር ይጎርሳሉ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ጓሮዬ ውስጥ ለጌጥ ያሠራኋት የሲሚንቶ ኩሬ አለች፤ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቷ 80 ሳንቲ ሜትር። ከሁለት ወር በፊት 120 የቆሮሶ ጫጩት ለቀቅኩባት። ውኃውን በትንሽ ፓምፕ ስቤ ጠጠር በሞላ 2 ካሬ መደብ ውስጥ አሳልፈዋለሁ፤ ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ይገባል። መደቡ ላይ ሰላጣና ቆስጣ አለ። አሁን ውኃው ወፍራም አረንጓዴ ሆኗል። ጠዋት 12 ሰዓት ስወጣ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ሲጎርሱ አገኛቸዋለሁ፤ ፀሐይ ጠንከር ስትል ይተዉታል። ትናንት ሁለቱ ሞተው ተንሳፈፉ። የሰላጣው አዲስ ቅጠልም ቢጫ ነው፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። ፓምፑን ማታ ማታ አጠፋዋለሁ፣ መብራት ለመቆጠብ። ኩሬውን አድርቄ እንደገና ልሙላው?

የቢሾፍቱ ጓሮ፦ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታደርቀው። ዛሬ ማታ ፓምፑን አታጥፋ፤ ከሁሉ በፊት ይኼ ነው። አረንጓዴው አልጌ ነው። ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ማታ ግን እሱም ይተነፍሳል፣ ከዓሦቹ ጋር ይሻማል። ስለዚህ ኦክስጅን ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው፣ አንተም ያየኸው እሱን ነው። ጠጠሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም ሕይወት ናቸው፤ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት እነሱ ናቸው፣ ለዚህም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። የመመለሻ ቱቦውን ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገውና ውኃው እየተረጨ ይውረድ። ሁለት ቀን መኖ አትስጥ፤ ቆሮሶ በሁለት ቀን ረኃብ አይሞትም።

እናት ጓሮ፦ መብራት ቢጠፋስ? እኔ ባትሪ የሌለኝ ጊዜ ከኩሬው በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰው ነበር፤ እስኪነጋ አድርሶልኛል። ለዘለቄታው ግን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይግዙ።

ሦስተኛ ዓመቴ፦ ችግርህ የዓሣው ብዛት ነው። 4,800 ሊትር ውኃ ስታይ ብዙ ዓሣ የሚችል መሰለህ፤ ዓሣውን የሚሸከመው ግን መደቡ ነው። ለቅጠላ ቅጠል አንድ ካሬ መደብ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ የሚያመጣውን ቆሻሻ ያስተናግዳል። ያንተ 2 ካሬ እንግዲህ ቢበዛ 100 ግራም ነው። 120ዎቹ እያንዳንዳቸው 100 ግራም ሲደርሱ በቀን ከ200 ግራም በላይ ይበላሉ። ትርፉ ወዴት ይሄዳል? ወደ አልጌው። መደቡን 4 ካሬ አድርሰው፤ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለመሙያ ሬድ አሽ የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ድንጋይ ከተራ ጠጠር ይሻላል፣ ባክቴሪያው የሚይዘው ቦታ ብዙ ነው፤ የሚያጥቡት ውኃ እስኪጠራ ድረስ እጠበው። ዓሣውንም ወደ 40 ቀንስ፤ የቀሩትን ለጎረቤት ስጥ።

የአዲስ አበባዋ፦ የሲሚንቶ ኩሬ ኖራ ይለቃል፣ ፒ ኤቹን (የውኃውን አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ያንረዋል። ፒ ኤች ሲንር ብረት ውኃው ውስጥ ቢኖርም ተክሉ አይወስደውም፤ ጅማቱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። አሞኒያም የባሰ መርዝ ይሆናል። ፒ ኤቹን ሊነጋ ሲልና ቀን 10 ሰዓት ላይ ለክተህ ንገረን፣ ሁለቱ ይለያያሉ። ለአልጌው ብለህ የመዳብ መድኃኒት እንዳትጨምር አደራ፤ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ከኩሬው ግማሽ በላይ ጥላ መረብ ዘርጋበት። እናንተ ጋ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳም አለ፣ መረቡ ከእሱም ያድናል። እኛ ጋ ብርዱ ነው የሚያስቸግረን፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ቆሮሶ መብላት ይቀንሳል፤ ሐዋሳ በዚህ ታድላችኋል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ፤ ፒ ኤቹ ጠዋት 8፣ ከሰዓት በኋላ 9 አሳየኝ። ፓምፑ ሦስት ሌሊት ሳይቋረጥ ሠርቷል፣ ዛሬ አየር የሚጎርስ አላየሁም። ብረቱን ምን ልጨምር?

የአዲስ አበባዋ፦ በዚህ ፒ ኤች ተራው ብረት ዋጋ የለውም፤ ኢ ዲ ዲ ኤች ኤ የሚባለውን፣ ፒ ኤች ቢንርም ተክሉ የሚወስደውን የብረት ዓይነት ፈልግ። ውኃውን ቀይ ያደርገዋል፣ አትደንግጥ። በየሳምንቱ አንድ አምስተኛውን ውኃ ቀይር። የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ሮቶ ውስጥ ክዳኑን ከፍተህ አቆየው።

ጠያቂ፦ ሬድ አሹን ዛሬ አስመጣሁ። 60ዎቹን ጎረቤቴ ቅዳሜ ይወስዳቸዋል፤ የቀሩትን 18 ለማን እንደምሰጥ እያሰብኩ ነው።