ፍራፍሬ በሉን የሉዞን አርጃኖ በካሜራ ለማግኘት

ጥያቄ (የደን ቡድን)፦
ፊሊፒንስ ውስጥ፣ በሰሜን ሴራ ማድሬ ደን፣ ቫራነስ ቢታታዋ የተባለውን ፍራፍሬ በል አርጃኖ በራሱ በሚያነሳ ካሜራ ለመቅረጽ እያቀድን ነው። ሐሳባችን የዶሮ ሆድ ዕቃ መሬት ላይ አስቀምጦ ካሜራውን ፊት ለፊቱ መትከል ነው። እስከ 2 ሜትር የሚረዝም እንስሳ መቼም አይሰወርም። ያስኬዳል?

መልስ (ቅርንጫፍ)፦
የዶሮውን ነገር ተዉት። ሥጋ የሚጠራላችሁ ባያዋክን፣ ማለትም እዚያው የሚኖረውን የውሃ አርጃኖ ነው። ቢታታዋ ሲያድግ ዋና ምግቡ ፍራፍሬና ቀንድ አውጣ ነው። በዓለም ላይ ፍራፍሬ በል የሚባሉት አርጃኖዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እሱ፣ የደቡብ ሉዞኑ ኦሊቫሲየስና የፓናይ ደሴቱ ማቢታንግ። ሦስቱም የፊሊፒንስ ናቸው።
"አይሰወርም" ላላችሁት ደግሞ፦ አብዛኛውን ጊዜውን ዛፍ ላይ ስለሚያሳልፍ ሳይንስ ስም የሰጠው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ አግታዎችና ኢሎንጎቶች፣ ግን ቀድሞውንም እያደኑ ይበሉት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ፤ ፍሬውን ከሚበላቸው ዛፎች አንዱ የሆነው ፓንዳነስ የትኛው አሁን ፍሬ እንደያዘ ያውቃሉ። ካሜራውን ጎረቤት ዛፍ ላይ እሰሩና ፍሬ ወዳለው ግንድ አዙሩት፤ በተለይ የጥፍር ጭረት ካለበት።

መልስ (ሌንስ)፦
ቦታው ቢስተካከልም ካሜራውን የሚቀሰቅሰው ዳሳሽ ያሳፍራችኋል። የተለመደው ካሜራ የሚነቃው በሙቀት ልዩነት ነው፤ አርጃኖ ደግሞ ከአካባቢው ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ስላለው ፊቱ ሲያልፍ እንኳ ዝም ይላል። በየ1 ደቂቃው ራሱ እንዲያነሳ አድርጉት። እንስሳው የቀን ስለሆነ ሌሊቱን ዝጉት። በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 720 ፎቶ፣ በ10 ቀን 7,200 ነው። አንዱ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን ወደ 22 ጊጋባይት ይመጣል፤ ባለ 32 ካርድ ይበቃል። ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል።

ጠያቂው፦
ከባያዋክ በምን እንለየው? ሁለቱም ቢጫ ነጠብጣብ አላቸው።

መልስ (ቅርንጫፍ)፦
በቀለም ብቻ አትፍረዱ። አፍንጫውን እዩ፤ የባያዋክ ቀዳዳ ክብ ቢጤ ሆኖ ወደ አፉ ጫፍ ይቀርባል፣ የፍራፍሬ በሎቹ ግን ስንጥቅ መሳይ ነው፣ ወደ ዓይን ያፈገፍጋል። ፎቶው ከደበዘዘ ኩሱን ፈልጉ፦ ያልተፈጨ የፍሬ ዘርና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስብርባሪ ካለበት ጥሩ ምልክት ነው። ዝናብ ስለሚያጥበው ዛፉ ሥር ጠዋት ጠዋት ተመልከቱ።

መልስ (ደንብ)፦
ኩስ ለመሰብሰብም ቢሆን ፈቃድ ቀድሞ ይጠየቃል። የ2001ዱ (እ.ኤ.አ.) የፊሊፒንስ የዱር እንስሳት ሕግ፣ ቁጥር 9147፣ ያስገድዳል። ቦታው የነባር ሕዝቦች ይዞታ ከሆነ የእነሱም ስምምነት ያስፈልጋል። ፎቶ ስታወጡም የቦታ መጋጠሚያውን (የጂፒኤስ ቁጥሩን) አጥፉት፤ አዳኝና ነጋዴም ያነባል።