ጎትቼ የለቀቅሁት ረድፍ ያለ ቦታው ይገባል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በሪአክት (የድረ ገጽ ገጽታ መሥሪያ በሆነው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ) በሠራሁት የሥራ ዝርዝር ውስጥ ተጠቃሚው ረድፎቹን እየጎተተ ቅደም ተከተላቸውን እንዲቀይር እፈልጋለሁ። መጎተቱን የሚያከናውነው ሶርተብል ጄኤስ የተባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው። ሦስተኛውን ረድፍ ወደ ላይ ወስጄ ስለቀው ለቅጽበት እዚያው ይቀመጣል፤ ወዲያው ግን ዝርዝሩ ይዘበራረቃል። የሚገርመው፣ በብራውዘሩ ኮንሶል ሳየው አሬይው (ረድፎቹን በቅደም ተከተል የያዘው ዳታ) ልክ ነው፤ የተሳሳተው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ብቻ ነው። ለየረድፉ የሰጠሁት ኪይ (ሪአክት ረድፎቹን የሚለይበት ምልክት) ከዳታቤዝ የመጣው መለያ እንጂ ተራ ቁጥሩ አይደለም።

ጥርጣሬዬ ይህ ነው፦ ሶርተብል ኤለመንቱን (ረድፉን የሚያሳየውን የገጹን ክፍል) በራሱ እጅ ያንቀሳቅሳል፤ ሪአክት ደግሞ ኤለመንቱ በነበረበት እንዳለ ቆጥሮ እንደገና ያንቀሳቅሰዋል። ታዲያ መጎተቱ ሲያበቃ ኤለመንቱን ወደ ነበረበት መልሼ ስቴቱን (ሪአክት ገጹን የሚሠራበትን ዳታ) ብቻ ልቀይር፣ ወይስ ለሪአክት ተብሎ የተሠራ ላይብረሪ ልጠቀም? በስልክ ንክኪም መሥራቱ ግዴታ ነው። ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ።