ባንክ ብድር ከልክሎኛል፤ ፍሪጁን ከሱቅ በወርሃዊ ክፍያ ብወስደው ያዋጣኛል?

ጥያቄ፦ የቁርስ ቤት ባለቤት፣ ደሴ

እንደምን ከረማችሁ። ሸዋ በር አካባቢ አነስተኛ የቁርስና የጭማቂ ቤት አለኝ። ንግድ ፈቃዴ የታደሰ ነው፤ ግብሬንም በወቅቱ እከፍላለሁ። ፍሪጄ ግን ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ዓይነት ነው፤ ከማርጀቱ የተነሳ ከሰዓት በኋላ ወተቱን ያኮመጥጥብኛል። ባለ መስታወት በር ትልቅ ፍሪጅ ልግዛ ብዬ ገንዘቤን የማስቀምጥበትን ባንክ 50,000 ብር ብድር ጠየቅሁ። ማመልከቻዬን አቆይተው አልተፈቀደም አሉኝ። ለምን ብል የብድር ክፍሉ ሠራተኛ «ሲስተሙ ላይ ችግር ያሳያል» ብሎ ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞረ።

ፒያሳ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ግን በየወሩ እየከፈልሁ እንድወስድ ፈቅዷል። በጥሬ ገንዘብ 62,000 ብር የሚሸጠውን ፍሪጅ 18,000 ብር ቅድሚያ ከፍዬ፣ ቀሪውን በወር 5,500 ብር ለ12 ወር እንድከፍል ነው። ሁለት ደመወዝተኛ ዋስ፣ እንዲሁም ገንዘቡም ቀኑም ያልተሞላበት፣ ፊርማዬ ብቻ ያረፈበት ቼክ ይፈልጋሉ። ቼክ ስለሌለኝ ለዚሁ ሲባል ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ክፈቺ ይሉኛል።

ባንኩ የከለከለበት ነገር ሱቁም ጋ ይከተለኝ ይሆን? ውሉስ ያዋጣል? ዋስ የሚሆኑኝ ወንድሜና የአክስቴ ልጅ ናቸው፤ እነሱን ጣጣ ውስጥ ማስገባት አልፈልግም።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የብድር ሠራተኛ፣ ደሴ

ልጄ፣ ከፍሪጁ በፊት የተከለከልሽበትን ምክንያት እወቂ። «ሲስተም» ያለሽ ብሔራዊ ባንክ የሚያስተዳድረውን የብድር መረጃ ማዕከል ይመስለኛል። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ወደዚያ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም ያዩታል። አንድ ቦታ ያደረ ዕዳ ሌላው ቦታ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ተመልሰሽ ሂጂና ችግሩን የላከው ተቋም ማን እንደሆነና ስንት ብር እንደሆነ ጠይቂ። የሌላ ሰው ሳይሆን የራስሽ መረጃ ነው፤ አትፈሪ። መረጃው ስህተት ከሆነ ማስተካከል ያለበት የላከው ተቋም ነው፤ ባንክሽ በራሱ ሊሰርዘው አይችልም።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰው የረሳው ነገር ነው። አንዳንዱ በስልኩ የወሰዳትን ጥቂት ብር ብድር አይላትም። የቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» በ2014 መጨረሻ ሲጀመሩ ገንዘቡ የባንክ ነበር፤ ሳይከፈል ከቀረ የባንክ ዕዳ ነው። ሌላው የቡድን ብድር ነው። ከብድርና ቁጠባ ተቋም ከሌሎች ጋር አንዱ ለአንዱ ዋስ በመሆን ወስደሽ ታውቂያለሽ?

እግረ መንገዴን፣ ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ነገር ልንገር። የተከለከለ ሁሉ ጥፋት አለበት ማለት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ቅርንጫፉ ድርሻውን ከጨረሰ ጥሩ ተበዳሪም ባዶ እጁን ይመለሳል። አንቺን ግን ሲስተሙን ጠቅሰው ስለመለሱሽ ጉዳይሽ ሌላ ነው።

ሱቁን በተመለከተ፣ ነጋዴው በራሱ ገንዘብ በዱቤ የሚሸጥ ከሆነ ማዕከሉን አያይም፤ ዋስሽንና ቤትሽን ነው የሚያየው። ከጀርባው ባንክ ካለ ግን ወሳኙ ባንኩ ነው። ለምሳሌ ዳሸን ባንክ በ2015 የጀመረው «ዱቤ አለ» እንደዚያ ነው፤ ዕቃው ከሱቅ ይወሰዳል፣ ዕዳው የባንክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «የማን ገንዘብ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ኮምቦልቻ

ወርሃዊውን 5,500 ብር ብቻ አትዩ። ቅድሚያው 18,000፣ የ12 ወሩ 66,000፣ ድምሩ 84,000 ብር ነው። ከጥሬ ገንዘቡ ዋጋ በ22,000 ብር ይበልጣል። ሱቁ በእርግጥ ያበደረሽ ደግሞ 62,000 ሳይሆን 44,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ጭማሪው የብድሩን ግማሽ ያክላል። «በዓመት 50 በመቶ ነዋ» እንዳትሉ፤ ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ሳለ ጭማሪው በሙሉው 44,000 ላይ እንደተጫነ ይቆያል። በቀሪ ዕዳ ላይ ሲሰላ በወር ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። መደበኛ የባንክ ብድር ይህን ያህል አያስከፍልም።

መልስ፦ ዕቃ ሻጭ፣ ኮምቦልቻ

እኔም በወርሃዊ ክፍያ ስለምሸጥ የሻጩንም ወገን ስሙ። ዕቃው ከወጣ በኋላ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው ስንት ነው! የእሱ ኪሳራ በደህና ከፋዩ ዋጋ ላይ ይጫናል። ያልተሞላ ቼክ ግን እኔ አልጠይቅም፤ የሚጠይቅም አልወድም።

ቅድሚያውን ወደ 30,000 ብር ማሳደግና ጊዜውን ወደ ስድስት ወር ማሳጠር ከቻልሽ ድርድሩ ሌላ ይሆናል። እኔ ብሆን ጭማሪውን ከግማሽ በላይ እቀንስልሽ ነበር፤ ሥጋቴ ቀንሷላ። የሱቅሽን የኪራይ ውልና ንግድ ፈቃድሽን ይዘሽ ሂጂ። ከተቻለም ባለሱቁ ራሱ መጥቶ ቤትሽን ይይ። ጠዋት ወንበር ጠፍቶ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ካየ ከማንኛውም ወረቀት የበለጠ ያምንሻል።

ደግሞ የደሴን ገበያ ታውቂዋለሽ። በሁዳዴ ወተት ብዙም አይሸጥም፤ በረመዳን የቀኑ ቁርስ ይቀዘቅዝና ጭማቂው ማታ ለማፍጠሪያ ይሄዳል። 12ቱም ወር እኩል ክፍያ ለምን ትፈርሚያለሽ? ገበያሽ በሚቀዘቅዝበት ወር አነስ፣ በደህናው ወር ከፍ ያለ ክፍያ ጠይቂ። ብዙ ሻጭ ይስማማል፤ ጠያቂ አጥቶ ነው።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ደሴ

ባዶ ቼክ አትፈርሚ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 መሠረት ስንቅ፣ ማለትም በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ፣ የሌለው ቼክ ማውጣት ወንጀል ነው። መጠኑንም ቀኑንም ሌላ ሰው በሚሞላው ወረቀት ላይ ፈርመሽ፣ አንድ ወር ስትዘገዪ ተራ የገንዘብ ክርክር የነበረው ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል። «ለዋስትና ብቻ ነው የሰጠሁት» ማለት ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን ያንቺ ራስ ምታት ነው።

ስለ ወንድምሽና ስለ አክስትሽ ልጅ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1725 እና 1922 መሠረት ዋስትና በጽሑፍ መሆን፣ ዋሱ የሚጠየቅበትም ከፍተኛው ገንዘብ በቁጥር መጠቀስ አለበት፤ ያለዚያ ዋጋ የለውም። «ለሚመጣው ዕዳ ሁሉ» የሚል ወረቀት እንዳይፈርሙ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ ባለገንዘቡ አንቺን ሳይከስ በቀጥታ ወደ እነሱ መሄድ ይችላል። ብዙ የታተመ ውል ውስጥ ይህች ሐረግ ታች ተወሽቃ ትገኛለች። እንዲሰርዟት ጠይቂ፤ እምቢ ካሉ ቢያንስ ዋሶችሽ አውቀው ይፈርሙ።

ሌላው የባለቤትነት ነገር ነው። ክፍያው እስኪያልቅ ፍሪጁ የሱቁ ነው የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው፤ ክፋትም የለውም። ነገር ግን ዘጠኝ ወር ከፍለሽ አሥረኛውን ብታዘገዪ ዕቃውን ሲወስዱ የከፈልሽው ምን እንደሚሆን መጻፍ አለበት። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ተቀበይ፤ ደብተር ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ አይበቃም።

መልስ፦ የሙጋድ ነጋዴ፣ ደሴ

አብሽሪ እኅቴ። እኔ ወለድ ስለማልፈልግ ዕቃዬን በሙራባሃ ነው የገዛሁት። ከሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ወስደሽ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ወዳለው ባንክ ታቀርቢያለሽ፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ላንቺ ይሸጥልሻል። ትርፉ ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ዋጋው አይጨምርም። ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ናቸው፤ ሌሎች ብዙ ባንኮችም ለዚሁ የተለየ መስኮት አላቸው። ነገር ግን ይህም ቢሆን የባንክ ዱቤ ነውና ታሪክሽን ያያሉ፤ ጡረተኛው ጋሼ ያሉትን ሳትጨርሺ ብትሄጂ መልሱ ያው ነው።

መልስ፦ የዕቁብ ጸሐፊ፣ ደሴ

ለአንድ ፍሪጅ ይህ ሁሉ ወረቀት! ዕቁብ ግቢና ዕጣ ግዢ። የሰፈር ዕቁብ ውስጥ ቀድሞ የደረሰው ሰው ካልቸገረው በትንሽ ብር ይሸጥልሻል። ዕጣ ለመግዛት የሚከፈለው ሱቁ ከሚጭንብሽ 22,000 ብር ጋር አይወዳደርም።

ምላሽ፦ የቁርስ ቤት ባለቤት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ከጦርነቱ በፊት አምስት ሴቶች ሆነን ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ወስደን ነበር። የኔን ከፍዬ ጨርሻለሁ። በ2014 ከተማዋ ስትያዝ አንዷ ሱቋ ተዘርፎባት ወደ አዲስ አበባ ሄደች፤ የእሷ ቀሪ 3,400 ብር በቡድኑ ስም ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ቅጣቱም አድጓል። እሷን ማስጨነቅ ይከብደኛል። ብከፍለው ስሜ ይጸዳል? ዕቁብ አለኝ፤ ዕጣዬ ግን ገና ነው።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የብድር ሠራተኛ

ይጸዳል፤ ግን መክፈል ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ በጽሑፍ አመልክቺ። የራስሽን ድርሻ የጨረስሽበትን ደረሰኝ አያይዢ፣ በዚያ ወቅት የሆነውን ግለጪ፣ ቅጣቱ እንዲነሳ ጠይቂ። ዋናውን አሁኑኑ ለሚከፍል ሰው ቅጣት መቀነስ የተለመደ ነው። ስትከፍዪ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ማኅተም ያረፈበት ተቀበይ፤ ለብድር መረጃ ማዕከሉም ማስተካከያ እንዲልኩ አስጽፊ። ደብዳቤውን ለባንክሽ አስገቢና በሚቀጥለው ወር እንደገና እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ፋይዳ ቁጥርሽን ከሒሳብሽ ጋር ካላገናኘሽ ያኔውኑ አገናኚው፤ የስም መመሳሰል የሚያመጣውን ጣጣ ይቀንሳል።

መልስ፦ ጠበቃ

ሌሎቹን ሦስት ሴቶችም አነጋግሪያቸው፤ የእነሱም ስም እንዳንቺው ተይዟልና ደስ ብሏቸው ያዋጣሉ። ስለ ሌላው ሰው የከፈለ ሰው ከባለዕዳው የመጠየቅ መብት አለው። አሁን ባታስጨንቂያትም ደረሰኙ በስምሽ ይሁን።

መልስ፦ የሊዝ ጉዳይ የሚያውቅ፣ ኮምቦልቻ

ወደፊት ማሽን ለመግዛት ካሰብሽ የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚባለውንም ያዢ። በክልላችን ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አለ፤ 20 በመቶ አዋጥተሽ ድርጅቱ ማሽኑን ገዝቶ ያከራይሻል፣ ክፍያው ሲያልቅ ያንቺ ይሆናል። ለአንድ ፍሪጅ ግን የሚመች አይመስለኝም፤ ለዳቦ ቤት ወይም ለልብስ ስፌት ነው የሚያዋጣው።

ምላሽ፦ የቁርስ ቤት ባለቤት

ሁለቱ ሴቶች ለማዋጣት ተስማምተዋል። ሱቁን ደግሞ 30,000 ብር ቅድሚያ ለስድስት ወር ብዬ ጠየቅሁት፤ 62,000 የነበረውን በጠቅላላ 69,000 ብር አደረገው። ቼኩን ትቶ አንድ ዋስ ብቻ ጠየቀ። ዕቁቤ እስኪደርስ ልጠብቅ ወይስ ይህን ልፈርም?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

የቀረው 39,000 ብር በስድስት ወር ሲከፈል በወር 6,500 ነው። ጭማሪው ከ22,000 ወደ 7,000 ወርዷል፤ ጥሩ ድርድር ነው። ጥያቄው በየቀኑ ስንት ሊትር ወተት ትጥያለሽ የሚለው ነው። 7,000ው ለስድስት ወር ሲካፈል ወደ 1,200 ብር ስለሚጠጋ፣ የምትጥይው በወር ከዚያ በላይ ከሆነ መጠበቁ ነው የሚያከስርሽ።

መልስ፦ ዕቃ ሻጭ፣ ኮምቦልቻ

ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ግን ከመፈረምሽ በፊት ፍሪጁን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክተው እስኪቀዘቅዝ አስቆዪያቸው። የፍሪጁ የዋስትና (የጋራንቲ) ወረቀት ላይ ያለው የመለያ ቁጥር ከዕቃው ጀርባ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አስተያዪ። ስታቢላይዘርም አብረሽ ግዢ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቃጠለ ኮምፕረሰር ብዙ ጊዜ በሻጩ ዋስትና አይሸፈንም፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን ይቀጥላል።