የሃስኬል ቀስት አጻጻፍ ላይ ቆሜያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። የጨርቅ ማቅለሚያ ውሃን ሙቀት የሚቆጣጠር ፕሮግራም ሃስኬል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በአሮው (ቀስት፦ ግብዓት ተቀብለው ውጤት የሚሰጡ ስሌቶችን ማያያዣ ዘዴ) እየሠራሁ ነው። ያለ ልዩ አጻጻፉ እሴቶቹን በጥንድ በጥንድ እያሰሩ ማሻገር ግድ ነው፤ ኮዱ አይነበብም። በልዩ አጻጻፉ፣ ማለትም በፕሮክ (proc) ስጽፈው ግን ሁሉም እሴት ስም አለው፣ በጣም ወደድኩት።

ችግሬ እዚህ ጋ ነው። ከሴንሰሩ ያነበብኩትን ሙቀት ከቀስቱ ምልክት (-<) በስተቀኝ፣ እንደ ግብዓት፣ ስጠቀመው ይሠራል። በስተግራ፣ አሮው ራሱ በሚጻፍበት ቦታ፣ ሳስገባው ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) አላውቀውም ይላል። ይህን የሚፈቅደው ባለ ሁለት ጭራው ምልክት (-<<) ደግሞ አሮው አፕላይ (አሮውን ራሱን እንደ እሴት ተቀብሎ የማስኬድ ችሎታ) ይጠይቃል። እሱ ካለ የአሮው ጉልበት ከሞናድ (ቀጣዩን ስሌት ከቀደመው ውጤት ተነስቶ መወሰን ከሚያስችለው ሌላው የሃስኬል ዘዴ) እኩል ነው፤ ታዲያ አሮው ምን ጠቀመኝ?

የምፈልገው እንደ ሙቀቱ ከሁለት መቆጣጠሪያዎች አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። በፕሮክ ውስጥ ኢፍ (if፣ «ከሆነ» የሚለው መምረጫ) ይበቃል? ያልተመረጠው መቆጣጠሪያስ የያዘው ሁኔታ ሳይታደስ ይቀራል? አጭር ምሳሌ ያላችሁ ላኩልኝ። ደሴ ያለ ሰው ካለ እኔው እመጣለሁ።