ጅማ፦ የመብራት ሒሳብ ለመቀነስ ከየት ልጀምር?

ቆጪ_ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ቤተሰብ ነን፤ ሁለት ተከራዮችም በዚሁ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። ያለው ዕቃ የመብራት ምጣድ፣ ባለ አንድ ዓይን ስቶቭ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ነው። እንጀራ በሳምንት ሦስቴ፣ ያውም ማታ ይጋገራል። አምፖሎቹን በሙሉ ወደ ኤልኢዲ ቀየርን፤ ሒሳቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ክረምት ስለገባ ከሰሉም አላዋጣ አለ። ብዙ ሳናወጣ ምን ማድረግ እንችላለን?

ሽቦ_ዘርጊ
እህቴ፣ አምፖሉ መቀየሩ ደግ ነው፤ ሒሳቡን የሚበላው ግን ምጣዱ ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 3,750 ዋት ምጣድ በሳምንት ሦስቴ አንድ አንድ ሰዓት ቢሠራ ግን 49 ገደማ ይደርሳል። የታሪፉ ዝቅተኛ እርከን ደግሞ እስከ 50 ብቻ ነው፤ ፍጆታው ባደገ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ያድጋል። ሦስት ጓዳ በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ወደ ውዱ እርከን መውጣታችሁ አይቀርም። የየራስ ቆጣሪ ማስገባት ከተቻለ ከሁሉ በፊት እሱን ጠይቁ።

ከዚያ ለኩ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1600 ከሆነ ጠዋት ላይ ከምጣዱ በቀር የግቢውን ዕቃ ሁሉ አጥፉና በ15 ሰከንድ ስንቴ ብልጭ እንዳለች ቁጠሩ። 25 ከሆነ 3,750 ዋት ነው፤ 30 ከሆነ 4,500። ምጣዱም ጠፍቶ፣ ሁሉም ነገር ተነቅሎ ብልጭታው ከቀጠለ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይም ከመስመራችሁ የቀጠለ ሰው አለ።

የጓዳ_ነገር
በሳምንት አንዴ ጋግሩ የሚሏችሁን አትስሙ። በጅማ ክረምት እንጀራ አራት ቀን ካለፈው መሻገቱ ነው፤ የተጣለ እንጀራ ደግሞ የተጣለ መብራት ነው። ሁለቴ ይበቃል። ምጣዱ እስኪግል ያለው 15 ደቂቃ ብቻውን 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አንድ ዙር መቅረቱ በወር 4 ያህል ያተርፋል።

ትልቁ ብክነት ባዶውን የሚግልበት ጊዜ ነው። ሊጡ ቀጥኖ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱና መቅጃው በእጅ ሳይሆኑ ምጣዱ አይሰካ። አንዱ እንጀራ እንደወጣ አሰስ አድርጎ ወዲያው ማፍሰስ፤ አክንባሎውን እየከፈቱ ማየት ይቅር፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ዓይኑም አብሮ ይጠፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅላችሁ ጋግሩ፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃል። ሁለተኛው ከገረጣ በሚቀጥለው ለአንዱ ብቻ ንቀሉ። ከዚያም በኋላ ሙቀቱ ቆሎ ለማሞቅ ወይም ድርቆሽ ለማድረቅ ይተርፋል።

ጅረን_ማዶ
ማታ መጋገሩን ግን ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ የ3,750 ዋት ምጣድ ወደ 2,500 ይወርዳል። በሩብ ሰዓት የሚግለው ከ22 ደቂቃ በላይ ይወስድበታል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሙቀቱ በጎንና በሥር እያመለጠ ነው። ለዚያው ቁጥር እንጀራ የበለጠ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ወደ ማለዳ አዙሩት።

ስለ ስቶቩ፦ ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላና ሽምብራ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በፕሬዠር ቀቅሉ። ማፏጨት ከጀመረ በኋላ እሳቱን መጨመር እንፋሎት ከማባከን በቀር አያፈጥነውም። ሻይ አንዴ አፍልቶ ፔርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ለቡናው ከሰል የግድ ከሆነ በቆርቆሮ ምድጃ ፈንታ ሸክላ ያለው ላቀች ይሻላል። የረጠበ ከሰል ከሙቀቱ የተወሰነውን ራሱን ለማድረቅ ያጠፋዋል፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጣሪያ ሥር አኑሩት። በዝናብ ምክንያት ምድጃውን ወደ ተዘጋ ቤት አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ቆጪ_ሰፈር
ቆጠርን፤ በ15 ሰከንድ 29። ምጣዱ ከዚህ በፊት ተቃጥሎ ተቀጥሏል፤ አሁን ባንድ ጎኑ ያሳርራል። ሙሉውን መቀየር አለብን?

ሽቦ_ዘርጊ
የለም፣ ሸክላው ካልተሰነጠቀ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ጥምዝምዝ ሽቦ) ብቻ ይቀየራል። 29 ማለት 4,350 ዋት ነው። ሲቃጠል ጫፍና ጫፉን ጠምዝዘው ስለቀጠሉት ሽቦው አጥሯል፤ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ብዙ ይስባል፣ የተጠመዘዘበትም ቦታ መልሶ ይቃጠላል። ከ19 አምፔር በላይ እየሳበ ስለሆነ ተራ ባለ 16 ሶኬት ይቀልጣል፤ በማከፋፈያ ጨርሶ አይሰካ። 4 ካሬ ሽቦና ባለ 25 ብሬከር ያስፈልገዋል።

አዲሱን ስትገዙ ዋቱን ንገሯቸው፤ የ3,750ው ነቅላችሁ በመልቲሜትር ስትለኩት 13 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ሽቦው የሚያርፍበትን የሸክላውን ቦይ ርዝመት መጀመሪያ በሲባጎ ለኩና ሽቦውን እኩል ሳቡት። አንዱ ጋ ጥቅጥቅ፣ ሌላው ጋ ላላ ካለ ማሳረሩ አይቀርም። ጫፎቹን በሸክላ ተርሚናል በብሎን እሰሩ፤ የምድር ሽቦውም ከቆርቆሮው አካል ጋር ይገናኝ።