ጠዋት ጠዋት «ጠክ ጠክ» የሚል ታፔት እንዴት ይጸዳል? (ጅማ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሬ ባለ ቤንዚኑ የሚትሱቢሺ 4ጂ63 ነው፣ ታፔቱ (ቫልቭ በሚከፍቱት ክፍሎች መካከል ያለችው ዕቃ) ሃይድሮሊክ፣ ማለትም ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ የሚሞላ። ጠዋት ሲነሳ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አካባቢ «ጠክ ጠክ» ይላል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የምነዳው በአብዛኛው ከሂርማታ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ነው። «ዘይቱ ላይ ናፍጣ ጨምረህ አስነሳው፣ ይታጠባል» የሚል ምክር ሰጡኝ። ላድርገው?

የጋራዥ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታደርገው! ናፍጣ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ግፊት ሲወርድ ቀድሞ የሚበላው የቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ኩሽኔታ ነው። የተላቀቀው ጭቃም የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍነዋል።

መጀመሪያ የዘይቱን ልክ እይ። ከጎደለም ካለልክ ከበዛም አየር ታፔቱ ውስጥ ይገባል። ልኩ ደህና ከሆነ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር። ከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ እርጥበቱ ዘይቱ ውስጥ ይቀርና ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ አዲሱን ዘይት ይዘህ አጋሮ ደርሰህ ተመለስ። ከዚያ ቆመህ፣ ሞተሩ እንደሞቀ፣ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ካለው ዙር) ቀስ እያልክ እስከ 3,000 ዙር አድርስና ቀስ ብለህ መልስ። ደጋግመው፤ የታፈነው አየር የሚወጣው እንዲህ ነው። ያ ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር ጊዜው ሳይደርስ ቀይረው።

ሾፌር፦
ለሌሎች አንባቢዎች፦ ሁሉም ታፔት ሃይድሮሊክ አይደለም። የቶዮታ 1ኤንዜድ ሞተር ታፔት ለምሳሌ ድፍን ነው፣ ክፍተቱን ራሱ አያስተካክልም፤ እሱ ቢንኳኳ ክፍተቱ ይለካል እንጂ በማጠብ አይስተካከልም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልጠፋስ?

የአውቶ መካኒክ መምህርት፦
ያኔ ይፈታል። ናፍጣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፣ ግን ከሞተሩ ውጭ። እያንዳንዱ ታፔት ከየት እንደወጣ ምልክት አድርግበት፤ ወደ ገዛ ቦታው ነው የሚመለሰው። ሦስት ንጹሕ ዕቃ ንጹሕ ናፍጣ ሙላ፦ አንዱ ለውጩ፣ አንዱ ለውስጡ፣ ሦስተኛው ለመጨረሻው መሙያ። ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኳስ በ0.5 ሚሊሜትር ሽቦ በጣም በቀስታ ገፋ እያደረግህ ፕለንጀሩን (ገባ ወጣ የሚለውን የታፔቱን ክፍል) ጨቆን ለቀቅ አድርገው፣ እስኪላላ ድረስ። አጥብቀህ ከገፋህ ኳሷ ትበላሻለች። በመጨረሻው ዕቃ ከሞላኸው በኋላ ሽቦውን አውጥተህ ፕለንጀሩን በጣትህ ጫን፤ አልገባ ካለ ደህና ነው። ደጋግመህ አየሩን አስወጥተህም ከገባ፣ ያንን ታፔት ቀይረው። በጨርቅ አትጥረገው፤ አንዲት ክር ትበቃዋለች።

ጠያቂ፦
የቢዬላ ድምፅ ቢሆንስ፣ እንዴት እለየዋለሁ?

የጋራዥ ባለሙያ፦
የታፔት ድምፅ ቀጭን ነው፣ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ሁለቴ ሲዞር አንዴ ይመታል። የቢዬላ ግን ወፍራም ነው፣ ከታች ይመጣል፣ ከጊቤ በረሃ ዳገቱን ስትወጣ ጭነት ሲበዛበት ይብሳል። እንዲህ ከሆነ ወይም ሲሞቅ እየባሰ ከሄደ፣ ታፔቱን ሳትነካ የዘይቱን ግፊት በጌጅ አስለካ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ወደ 0.8 ባር ካላሳየ መኪናውን አትንዳው።